በክፍለ ጊዜ ድልድሉ ላይ ያለው፣ በክፍሉ ውስጥ የሌለው የሙዚቃ ትምህርት

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ነበረን። ከዚያ ዓመት በደብተሬ ላይ የቀረው «ሙዚቃ ማለት» ብሎ የሚጀምር ብያኔ፣ የክር፣ የትንፋሽና የምት እየተባለ የተዘረዘረ የመሣሪያዎች ምድብ፣ እንዲሁም አምስት መስመር የተሰመረበት አንድ ገጽ ነው። መምህራችን ሰሌዳው ላይ ይጽፉልናል፤ እኛም እንገለብጣለን። በዓመቱ ውስጥ አንድም ዜማ አብረን አላዜምንም፤ አንድም መሣሪያ በእጃችን አልነካንም። ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሲገባ ክፍለ ጊዜው ለሒሳብ ማጠናከሪያ ተሰጠና ደብተሩ እዚያው ላይ ቆመ። መምህሩን አልወቅሳቸውም፤ የሠለጠኑት በሌላ ትምህርት ነበር፣ ሙዚቃ የተሰጣቸውም የሳምንት ክፍለ ጊዜያቸው ስላልሞላ ብቻ ነው። ይህ የእኔ ትዝታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሳሁት ነበር። ነገር ግን በተለያዩ ከተሞች ካደጉ ሰዎች ጋር በተጨዋወትኩ ቁጥር ያንኑ ብያኔ፣ ያንኑ አምስት መስመር፣ ያንኑ ወደ ሒሳብ የተዛወረ ክፍለ ጊዜ እሰማለሁ።

እንግዲህ ጉድለቱ በወረቀት ላይ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ሙዚቃ በመጀመሪያው እርከን በሥነ ውበት ትምህርት ሥር ተካቶ፣ ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ ራሱን ችሎ ሲሰጥ ቆይቷል። በቅርቡ በተለወጠው ሥርዓተ ትምህርትም ከሥዕል፣ ከቴአትርና ከውዝዋዜ ጋር ተጣምሮ በክዋኔና የእይታ ጥበባት ስም መጽሐፍ ተዘጋጅቶለታል። ሙዚቃ ትምህርት አይደለም የሚል ፖሊሲ በአገራችን የለም። ዕጣው የሚወሰነው በርዕሰ መምህሩ ቢሮ፣ ፈተና ሲቃረብ የማን ክፍለ ጊዜ ይነሳ የሚለው ጥያቄ በሚመጣበት ቀን ነው። የፈተናው ጫናም የሚናቅ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ማንም አልዘነጋውም። እንዲህ ያለ ውጤት በተሰማበት አገር ስለ ሙዚቃ ክፍለ ጊዜ መከራከር ለብዙ ወላጅ ቅንጦት ቢመስለው አይፈረድበትም። እኔ ግን ክርክሩ በትክክል ከተያዘ ያ ውጤት ራሱ የሙዚቃን ትምህርት አስፈላጊነት የሚያሳይ እንጂ የሚያስቀር አይደለም ብዬ አምናለሁ።

በትክክል ከተያዘ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሙዚቃን በትምህርት ቤት ለማስጠበቅ የሚሟገቱ ሰዎች ዘወትር የሚያነሱት ማስረጃ «ሙዚቃ ልጆችን ጎበዝ ያደርጋል» የሚል ነው፤ ይህ ማስረጃ ደግሞ ሲፈተሽ ብዙ አይጸናም። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1993 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ አጭር ጥናት ነው። የተጠኑት 36 የኮሌጅ ተማሪዎች እንጂ ልጆች አልነበሩም፤ የሞዛርትን ሥራ ካዳመጡ በኋላ ቅርጽን በአእምሮ የማገላበጥ ችሎታቸው ከፍ ብሎ የታየውም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ለሚሆን ጊዜ ብቻ ነበር። ከዚያች ትንሽ ግኝት ተነሥቶ ነው ለሕፃናት ሞዛርት ማሰማት በዓለም ዙሪያ ገበያ የሆነው።

ከዚህ የተሻለ ጥንቃቄ የተደረገበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2004 በቶሮንቶ ከተማ ተካሂዷል። ግሌን ሼለንበርግ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ 144 የስድስት ዓመት ልጆችን በዕጣ በአራት ቡድን ከፍለው ለአንዱ የኪቦርድ፣ ለሌላው የድምፅ፣ ለሦስተኛው የድራማ ትምህርት ሰጥተው አራተኛውን ያለ ትምህርት አቆዩት። ከአንድ ዓመት በኋላ ሙዚቃ የተማሩት በአእምሮ ብቃት ፈተና በአማካይ 7 ነጥብ፣ ሌሎቹ ደግሞ 4.3 ነጥብ ጨመሩ። ልዩነቱ አለ፤ ግን ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ጆቫኒ ሳላ እና ፈርናንድ ጎቤ የተባሉ ተመራማሪዎች 54 ጥናቶችንና ወደ 7,000 የሚጠጉ ልጆችን ያካተተ ዳሰሳ ሲያወጡ፣ የንጽጽር ቡድኑ ሌላ ጠቃሚ ሥራ እንዲሠራ በተደረገባቸው ጥናቶች ላይ የሙዚቃው ብልጫ ከሞላ ጎደል ጠፍቶ አገኙት። ስለዚህ ለርዕሰ መምህሩ «ሙዚቃ ሒሳብን ያሻሽላል» ብለን ብንሄድ፣ «እንግዲያው ሒሳቡን ራሱን ላስተምራቸው» ብሎ ቢመልሰን እውነት አለው። ሙዚቃን የሒሳብ አሽከር አድርጎ ያስገባ ሰው፣ ጌታው በተጠራ ቁጥር አሽከሩ ከክፍል ሲወጣ ሊቃወም አይችልም።

ጥያቄው መሆን ያለበት ሙዚቃ በራሱ ልጅን ምን ያስተምረዋል የሚለው ነው። የመጀመሪያው መልስ መስማት ነው። በአሜሪካ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ኒና ክራውስ በሎስ አንጀለስ በድሃ ሠፈሮች የሚያድጉ ልጆችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት፣ ለሁለት ዓመት ሙዚቃ የተማሩት ልጆች አእምሮ እንደ «ባ» እና «ጋ» ያሉ ተቀራራቢ የንግግር ድምፆችን የሚለይበት መንገድ መጥራቱን አሳይተዋል። በአንድ ዓመት ብቻ ይህ ለውጥ አልታየም። ሁለት ነገር ልብ ይሏል፤ አንደኛ፣ ልጆቹ ሙዚቃን የሠሩ እንጂ ያዳመጡ ብቻ አልነበሩም፤ ሁለተኛ፣ ለውጡ ጊዜ ፈጅቷል። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የሚታጠፍ ክፍለ ጊዜ እንዲህ ያለ ፍሬ ሊያፈራ አይችልም።

ይህ ጉዳይ ለአማርኛ አንባቢ ልጅ የተለየ ክብደት አለው። ፊደላችን ድምፁን ከነአናባቢው አሟልቶ ቢጽፍም የቃሉን መጥበቅና መላላት አያሳይም። አንባቢው «ገና» የሚለው በዓሉ ይሁን «ገና አልመጣም» የምንለው የሚያውቀው በጆሮው እንጂ በዓይኑ አይደለም። ስለዚህ የአማርኛ ንባብ ገና ከመነሻው የድምፅን ርዝመት የሚለይ ጆሮ ይፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ምት የሚያስተምረው ነገር ነው።

ይህን በዓይኔ ያየሁት ባለፈው ዓመት በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከ60 በላይ ልጆች በነበሩበት የ3ኛ ክፍል ውስጥ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። መምህርቷ ሰሌዳው ላይ «ይሰማል» የሚል አንድ ቃል ጻፉና ልጆቹን እንዲያነቡ ጠየቋቸው። ግማሾቹ አላልተው፣ ግማሾቹ አጥብቀው አነበቡ። «ሁላችሁም ልክ ናችሁ» አሏቸውና «ልጁ ይሰማል» የሚለውን በሦስት ፈጣን ጭብጨባ፣ «ድምፁ ይሰማል» የሚለውን ደግሞ ሁለት ቦታ ላይ መዳፍን ከመዳፍ ጋር አጣብቆ በመያዝ እንዲያጨበጭቡ አደረጓቸው። ሰሚውና የሚሰማው ነገር በአንድ ዓይነት ፊደል ተጽፈው በእጅ ተለዩ። ከዚያ ጭብጨባው ወደ ጭክጭካ ምት ተሻገረ፤ ከበሮው አፉ የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን ነበር። መስኮቱ ሥር የተቀመጠ አንድ ልጅ ከሁሉ ቀድሞ እየሮጠ ምቱን ያበላሽ ነበር። መምህርቷ አልተቆጡትም፤ ጠርተው ጀሪካኑን ሰጡትና «እነሱን እየሰማህ ምታ» አሉት። ለሁለት ዙር ሮጠ። በሦስተኛው ዓይኑን ከጀሪካኑ አንስቶ ጓደኞቹን ማየት ጀመረ፤ ምቱም ተስተካከለ። «ቲቸር፣ ያዝኩት!» ብሎ ጮኸ።

የቀደሙት መምህራን ይህን ያውቁት ነበር። በቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ፊደል የሚቆጥረው በዜማ ነው። ከዚያም መልእክተ ዮሐንስን በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ እያለ ሲወጣ፣ ቃሉን ተነሽ፣ ተጣይ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ ብሎ እየለየ የሚያነሣውና የሚጥለው ትርጉሙን ገና ሳያውቅ ነው። ጆሮ ቀድሞ ይገራል፤ ማስተዋል ይከተላል። ወደ ዜማ ቤት የዘለቀው ደግሞ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም በኖረው በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠሩትን ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉ ዜማዎች፣ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት ከሚባሉት ምልክቶች ጋር ዓመታት ፈጅቶ ያጠናል። በመድረሳ የሚቀሩ ልጆችም ተጅዊድ በሚባለው የቁርኣን አነባበብ ሕግ የትኛው ድምፅ ስንት ያህል እንደሚረዝም እየተለማመዱ ያድጋሉ፤ በወሎ መንዙማ ለዘመናት ትምህርተ ሃይማኖት ሲተላለፍበት ኖሯል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከእነዚህ ቤቶች ብዙ ነገር ወርሷል፤ ይህን ግን በሩ ላይ ትቶት ገብቷል። ስለ ንባብ ድክመት በየስብሰባው በሚነሣበት በዚህ ጊዜ፣ ጆሮን ከንባብ ለይተን ማየታችን ዋጋ እያስከፈለን መሆኑን ለመጠርጠር በቂ ምክንያት አለ።

ሁለተኛው መልስ አብሮ መሆን ነው። በጀርመን አገር ሰባስቲያን ኪርሽነርና ማይክል ቶማሴሎ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት 96 የአራት ዓመት ሕፃናትን ጥንድ ጥንድ አድርገው አጫወቷቸው። ግማሾቹ እየዘፈኑና እየመቱ፣ ግማሾቹ ተመሳሳዩን ጨዋታ ያለ ሙዚቃ ተጫወቱ። በኋላ ጓደኛቸው ሲቸገር ለመርዳት የበለጠ የተነሡት በሙዚቃ የተጫወቱት ነበሩ። ይህን ለማመን የእኛ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ለቡሄ ሆያ ሆዬ የሚሉት ልጆች አውጪና ተቀባይ ሆነው፣ ዱላቸውን መሬት ላይ በአንድ ምት እየጣሉ፣ አውጪው ግጥም ሲጠፋበት ሌላው ተክቶት፣ ያገኙትን ሙልሙል እኩል የሚካፈሉት ማንም ሰብሳቢ ሳይመድብላቸው ነው። ለእንቁጣጣሽ አበባዬ ሆይ የሚሉት ልጃገረዶችም እንዲሁ። ተቀባዩ ከሌለ አውጪው ምንም አይደለም፤ አውጪው ቃሉን ሳይጨርስ የገባ ተቀባይም ጨዋታውን ያፈርሳል። ተራን መጠበቅ፣ የሌላውን ድምፅ ሰምቶ የራስን ማስተካከል፣ ጎልቶ መውጣትንም ወደ ኋላ ማለትንም ማወቅ በሥነ ዜጋ ትምህርት ተጽፎ ልጆች የሚሸመድዱት ነገር ነው። በሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ግን ይሠሩታል፤ ያጠፋ ልጅ ማጥፋቱን የሚያውቀውም ማንም ሳይነግረው ነው።

እዚህ ላይ ወላጆች የሚያነሱትን ቅሬታ ሳያነሱ ማለፍ ተገቢ አይሆንም። «ልጄን የላክሁት እንዲማር እንጂ እንዲዘፍን አይደለም» የሚለው ንግግር ሁለት ሥር አለው። አንዱ አዝማሪን ከሠርጉ ሳያስቀር ከዘመድነት ግን የሚያርቅ፣ ዘፈኑን ወድዶ ዘፋኙን የሚንቅ የቆየ ልማድ ነው፤ ይህ መለወጥ ያለበት ነው፣ እየተለወጠም ነው። ሌላው የሃይማኖት ነው። ዘፈንና ዝማሬ አንድ አይደሉም ብሎ የሚያምን ቤተሰብ ልጁ በክፍል ውስጥ የፍቅር ዘፈን እንዳይማርበት ቢሠጋ ሥጋቱ ሊከበርለት ይገባል። መፍትሔው ግን ክፍለ ጊዜውን መተው ሳይሆን ይዘቱን መምረጥ ነው። ምት መቁጠር፣ ከፍታና ዝቅታ መለየት፣ የወቅትና የሥራ ዜማዎችን፣ የቁጥር ጨዋታዎችን ማዜም ከማንም ቤት እምነት ጋር አይጋጭም። ከሰንበት ትምህርት ቤት ወይም ከመድረሳ የሠለጠነ ጆሮ ይዘው የሚመጡት ልጆችማ በክፍሉ ውስጥ ለሌሎቹ መሪ የሚሆኑ ናቸው።

ትምህርት ቤት የልጅን ተሰጥኦ ሲያይ ምን እንደሚሆን የምናውቀው ከታላላቆቹ ሕይወት ነው። ሙላቱ አስታጥቄ ወደ ዌልስ የተላከው ኢንጂነሪንግ እንዲማር ታስቦ ነበር፤ በገባበት የሊንዲስፋርን ትምህርት ቤት ሙዚቃ ከሌላው ትምህርት እኩል ቦታ ስለነበረው ዝንባሌው እዚያ ታወቀ፣ ከዚያም በለንደንና በቦስተን ሙዚቃን አጥንቶ ኢትዮ ጃዝን ሰጠን። በ2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ያረፉት የፒያኖ ሙዚቃ ደራሲዋ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ሙዚቃን መማር የጀመሩት በስድስት ዓመታቸው በተላኩበት የስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ጥላሁን ገሠሠ ደግሞ ወሊሶ በሚገኘው የራስ ጎበና ትምህርት ቤት ሲማር፣ አያቱ ትምህርትህ ላይ አተኩር ሲሉት፣ ዝንባሌውን አይተው ያበረታቱት ሱዳናዊው ርዕሰ መምህር ነበሩ። ሦስቱም ታሪኮች የዕድል ታሪኮች ናቸው፤ ሁለቱ ባሕር ተሻግረው፣ አንዱ የሚሰማ ርዕሰ መምህር ገጥሞት። ነገር ግን በዚህ ክርክር ውስጥ ዝነኞችን ማብዛት አልፈልግም። ከ60 ልጆች ክፍል አንድም ሙዚቀኛ ላይወጣ ይችላል። ሒሳብ የምናስተምረው ሁሉም የሒሳብ ሊቅ እንዲሆኑ እንዳልሆነ ሁሉ፣ የሙዚቃ ክፍለ ጊዜም የሚገባው በተለይ ሙዚቀኛ ለማይሆኑት ልጆች ነው፤ ሌላ ቦታ አያገኙትምና።

ታዲያ ምን ይማሩ? በአምስት መስመር ላይ ኖታ መገልበጥ ድምፅን ለማያውቅ ልጅ፣ ንግግር ለማይሰማ ሰው ሰዋስው እንደማስተማር ነው። ሀንጋሪያዊው የሙዚቃ ሊቅ ዞልታን ኮዳይ የአገሩን የሙዚቃ ትምህርት ሲያቀና የተነሣው ከዚህ ነበር። የመጀመሪያው መሣሪያ የልጁ ድምፅ ነው፣ የመጀመሪያው መዝሙርም የአፍ መፍቻ ቋንቋው ዜማ ነው አለ፤ በዚሁ መንገድ ልጆች በየቀኑ የሚያዜሙበት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤትም እ.ኤ.አ. በ1950 በትውልድ ከተማው በኬችኬሜት ተከፈተ። ትምህርቱ የሚጀምረው ግማሽ ድምፅ፣ ማለትም በሁለት ድምፆች መካከል ያለው ትንሹ ርቀት፣ ከሌለበት ባለ አምስት ድምፅ ስልት ነው፤ ለትንሽ ልጅ ግማሽ ድምፅን አስተካክሎ ማዜም ስለሚከብደው። ይህ ባለ አምስት ድምፅ ስልት የእኛው ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት ነው። ሀንጋሪዎች ከገጠር ዜማቸው ለቅመው ያገኙትን መነሻ የእኛ ልጅ በእናቱ ጀርባ ላይ ሰምቶታል። ትዝታ ለመጀመሪያ ክፍሎች፣ ግማሽ ድምፅ ያላቸው አምባሰልና አንቺ ሆዬ ጆሮ ሲበስል በላይኞቹ ክፍሎች ቢሰጡ ቅኝቶቻችን ራሳቸው ከቀላል ወደ ከባድ የሚወስዱ ደረጃዎች ይሆናሉ። በሌላ ቋንቋ የሚማሩ ልጆችም ከራሳቸው ይነሣሉ፤ የዶርዜ ልጅ በአንድ ዜማ ላይ ብዙ ድምፅ ሲደራረብ ሰምቶ ያደገ ነውና፣ የአውሮፓ መጽሐፍ ወደ መጨረሻ የሚያመጣውን ኅብረ ድምፅ እሱ ከቤቱ ይዞት ይመጣል።

መሣሪያ ሲመጣ ጥቂት የአሠራር ነገሮችን ማወቅ ገንዘብ ያድናል። ዋሽንት ርካሽና ቀላል ቢሆንም ድምፁ እንደ ርዝመቱ ስለሚለያይ፣ ለአንድ ክፍል ከገበያ የተለቀሙ 20 ዋሽንቶች አብረው አይነፉም፤ በአንድ ልክ የተሠሩ መሆን አለባቸው። ክራር በተቃራኒው ክሩን በማጥበቅና በማላላት ከሌላው ጋር ይስማማል፤ መቃኘቱ ራሱም ትልቅ የጆሮ ትምህርት ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን መምህር ነው። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለአሥርት ዓመታት የሙያው ማሠልጠኛ ሆኖ አገልግሏል፤ ነገር ግን ከ30 ሺህ በላይ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ባለበት አገር የአንድ ተቋም ምሩቃን በየክፍሉ ይዳረሳሉ ብሎ መጠበቅ አይቻልም። በታችኞቹ ክፍሎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት ያስተምራል። ስለዚህ በመምህራን ትምህርት ኮሌጅ የሚያልፍ እያንዳንዱ የመጀመሪያ ደረጃ መምህር ሃያ ያህል የልጆች ዜማ በትክክለኛው ድምፅ ማውጣት፣ ምት መያዝና ከበሮ መምታት ሳይችል ባይመረቅ፣ ለውጡ በውድ መሣሪያ ከሚመጣው ይልቅ ሰፊ ይሆናል። ያየኋቸው መምህርት የሙዚቃ ምሩቅ አይደሉም፤ አማርኛ ነው ያጠኑት። ልጆቻቸውን የሚመዝኑትም በጽሑፍ ፈተና ሳይሆን አራት አራት እያደረጉ አስነሥተው በማዜም ነው። የወላጆች ቀን ሲደርስ ጥቂት የተመረጡ ልጆችን ለመድረክ ከሚያዘጋጀው የሙዚቃ ክበብ የሚለየውም ይህ ነው፤ ክበቡ ለሚችሉት ነው፣ ክፍለ ጊዜው ለሁሉም።

ሥልጠናውና መሣሪያው እስኪመጣ ድረስ ሳይጠበቅ ሊደረግ የሚችል ነገርም እዚያው ትምህርት ቤት አየሁ። ጠዋት ጠዋት በሰልፍ ላይ ብሔራዊ መዝሙር በየትምህርት ቤቱ ይዘመራል፤ ሆኖም መነሻ ድምፅ የሚሰጥ ስለሌለ እያንዳንዱ ረድፍ በየራሱ ከፍታ ይጀምራል፣ ከፍ ብሎ የጀመረውም መሐል ላይ ይደርቅበታል። በማግስቱ ጠዋት እኚያው መምህርት ከባንዲራው ሥር ባለው ደረጃ ላይ ቆመው፣ እጃቸውን አንስተው፣ የመጀመሪያዋን ድምፅ በአፋቸው ሁለት ጊዜ አንጎራጎሩ። ግቢው ውስጥ ስምንት መቶ ያህል ልጆች ነበሩ። እጃቸው እስኪወርድ ድረስ አንድም ልጅ አልጀመረም።